ስለ ኪኖዋ ለጠየቃችሁኝ ልጆች

በቀደም አንዲት ልጅ ደወለችና «ጋሼ፣ ሱሉልታ ላይ ኪኖዋ ይበቅላል?» አለችኝ፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣውን እህል ማለቷ ነው። ለቁርስ የሚሆን ጤናማ ምግብ አሽጋ ለሱፐርማርኬት ልታቀርብ አስባለች። ጎበዝ ናት። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የአንድ ገብስ ነገር ተቀሰቀሰብኝ።

በግብርና ባለሙያነት ከእንጦጦ ማዶ ስሠራ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። አባባ ነበር የምላቸው። ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን ገብስ ይዘራሉ። ገለባው ቶሎ ይለቃል፤ ብዙ መፈተግ አይፈልግም፤ ለቆሎ የተፈጠረ ነው። አዝመራው ሲደርስ፣ አጫጆች ከመግባታቸው በፊት ብቻቸውን ማሳው ውስጥ ይዞራሉ። ዛላ እየመረጡ ይቀነጥባሉ። ውርጭ በሚተኛበት ረባዳ ቦታ ቆሞ ፍሬ የያዘውን ያስቀድማሉ። አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ያያሉ። ከዚያ ለዘር እንዲሆን አስረው ከምድጃው በላይ ይሰቅሉታል፤ ጭሱ ነቀዝ አያስቀርብም። ባለቤታቸው በሶ በማር በጥብጠው ይሰጡኝ ነበር። በቅሎዬም ደጃፉን አልለቅም ትላለች፤ ለእሷም ግርዱ ይደርሳታላ!

ከዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ሰምቼ ለቅሶ ደረስኩ። ቆሎ በሰፌድ ዞረ። ዘገንኩ፤ ደገምኩ። እንዴት ይጣፍጣል! ልወጣ ስል ቀና ብዬ ከምድጃው በላይ አየሁ። ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል። ልጃቸውን ብጠይቀው፣ «እንግዳ በዛብን፣ እህል አጠረን፤ እሱንም አሽተን ቆላነው» አለኝ። መሬቱን ለመሸጥም ተስማምቷል። ዛሬ እዚያ ማሳ ላይ ብሎኬት ይመረታል።

በልጁ አልፈርድም። ለቀስተኛ ባዶ አፉን አይሸኝም። ግን ያንን ዘር በልተው ከጨረሱት አንዱ እኔ መሆኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰነፍ ቆሎ ከዚያ በኋላም አይቻለሁ፤ እንደዚያኛው ውርጭ የለመደ ግን አላጋጠመኝም።

«የዘር ባንክ የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር የገብስ ናሙና ይዟል። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ዘር ገበሬው እጅም ላይ እየተዘራ መቆየት አለበት ባይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተሸለሙት በዘር ጥበቃ ሥራቸው ነው። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የታደገው ጂን እንኳ ከእኛው ገብስ የተወሰደ ነው። ፈረንጅ ይህን ያህል ሲደክምለት፣ የእናንተ ትውልድ በካርቶን የመጣ አጃ በውድ ይሸምታል። አጃ ሰላሌ ሞልቶ!

ምርጥ ዘር አትንኩ እያልኩ አይደለም። እቤቴ የሚጋገረው ደብረ ዘይት ላይ ተዳቅሎ የወጣው ቁንጮ ጤፍ ነው፤ እወደዋለሁም። ገበሬው የቢራ ገብስ ቢመርጥም እውነት አለው፤ ገዢ አለዋ። ለሰነፍ ቆሎስ ማን ይምጣለት? እናንተን የምፈልጋችሁ እዚህ ላይ ነው። ቲክቶካችሁን አልወደውም፤ ግን ገዢ የሚያመጣ ከሆነ ቅረጹት፣ ምን ቸገረኝ።

ስለ ጤናው ብዙ አልልም። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለ፤ ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ማሸጊያውንም ከእኔ ይልቅ ታውቁበታላችሁ። ችግራችሁ ሁሌ ከሎጎ መጀመራችሁ ነው። መጀመሪያ ገበሬውን ያዙ። ሳይዘራ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ፣ ቀብድ ስጡ። በሶን የሚያስጠላው አሸዋው ነው፤ ስለዚህ ሸራ ላይ እንዲወቃላችሁ ተስማሙና የድካሙን ጨምራችሁ ክፈሉ። በርበሬ የተፈጨበት ወፍጮ ላይ ደግሞ በሶ እንዳታስፈጩ! አቆላሉን ከእናቶች ተማሩ። ዩቲዩብ ላይ ያየኋቸው ሁሉ ያሳርሩታል።

አንቺ የደወልሽው ልጅ፣ ኪኖዋውንም ከፈለግሽ ሞክሪው፤ አልከለክልሽም። ለገብሱ ግን ሱሉልታ የምትወጪ ከሆነ ግንቦት ሳያልቅ ውጪ። ሰኔ ከገባ ገበሬው የፈለገውን ዘርቶ ይጠብቅሻል።