መልስ፦ የሴፍጋርድ ታሪፍ ሲጣልብን ፍርድ ሳንጠብቅ አጸፋ መጣል እንችላለን?

ሴፍጋርድ ማለት የገቢ ምርት ሲበዛ የአገር ውስጥ አምራችን ለመጠበቅ የሚጣል ጊዜያዊ እርምጃ ነው። አጸፋ ይቻላል፤ ግን የገቢ ምርቱ ጭማሪ በምን እንደተለካ ይወስነዋል። ታሪፉ የተጣለው የገቢ ምርቱ መጠን ራሱ ስላደገ ከሆነና እርምጃው ደንቡን የጠበቀ ከሆነ፣ በዓለም ንግድ ድርጅት የሴፍጋርድ ስምምነት አንቀጽ 8.3 መሠረት ከአጸፋው በፊት 3 ዓመት ይጠበቃል። ያደገው ከአገር ውስጥ ምርት አንጻር ያለው ድርሻ ብቻ ከሆነ ግን መጠበቅ የለም። ስለዚህ የመርማሪውን ሪፖርት ከፍተው በቅድሚያ የቶን ሰንጠረዡን ይዩ፤ መቶኛው ያሳስታል።

1. መንግሥትዎ ምክክር ይጠይቅ። በ30 ቀን ውስጥ በካሳ ካልተስማሙ የአጸፋው መንገድ ክፍት ነው።
2. የአጸፋው ዝርዝር ለድርጅቱ የሸቀጦች ንግድ ምክር ቤት በጽሑፍ ይግባ። ከደረሰ 30 ቀን ሳይሞላው ሥራ ላይ አይውልም። አጸፋው የሚጣልበት የ90 ቀን ገደብ ደግሞ የሚቆጠረው ታሪፉ ከጀመረበት ዕለት እንጂ ምክክሩ ካበቃበት አይደለም። እስከ 60ኛው ቀን ካልገባ ጊዜው ይጠባል።

3 ዓመቱ የሚመለከታችሁ ከሆነ፣ እርምጃው ደንቡን አልጠበቀም ብሎ በድርጅቱ ፊት መከራከር ነው የሚያዋጣው። አሜሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. በብረት ላይ በጣለችው ታሪፍ የተረታችበት አንዱ ነጥብ፣ የካናዳን፣ የሜክሲኮን፣ የእስራኤልንና የዮርዳኖስን ምርት በምርመራው ቆጥራ ከታሪፉ ማውጣቷ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የአጸፋ ዝርዝሩን አዘጋጅቶ ስለነበር፣ ታሪፉ በታኅሣሥ 2003 ተነሣ።

አንድ ጥንቃቄ፦ እርምጃው በእርግጥ ሴፍጋርድ መሆኑን ያረጋግጡ። ቻይና የአሜሪካን የ2018 የብረትና የአሉሚኒየም ታሪፍ ሴፍጋርድ ነው ብላ አጸፋ ጣለች፤ በ2023 የድርጅቱ ዳኝነት ጉባኤ (ፓናል) አይደለም ስላለ፣ ደንብ የጣሰችው ራሷ ሆና ተገኘች።