ፕላቲፐስ ማርባት ለምን ይከብዳል? እኔ ያየሁት ይሄ ነው

ወንድሜ፣ «ፕላቲፐስ ሰው እጅ ውስጥ ለምን በቀላሉ አይራባም? ምግቡ ነው ወይስ ውሃው? ቤት ማሳደግስ ይቻላል?» ብለህ ጠይቀሃል። ሜልበርን አካባቢ ባለ የእንስሳት ማቆያ ሦስት ዓመት በበጎ ፈቃድ ስላገለገልኩ፣ ያየሁትን ልንገርህ።

ለማያውቀው፣ ፕላቲፐስ እንደ ዳክዬ ያለ መንቆር ያለው፣ ውሃ ውስጥ ምግቡን የሚያድን፣ እንቁላል ጥሎ ግልገሉን የሚያጠባ የአውስትራሊያ እንስሳ ነው። ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ቤት ማሳደግ አይቻልም። አውስትራሊያ ውስጥ ሕጉም አይፈቅድም።

ምግቡ ያደክማል እንጂ መፍትሔ አለው። ነፍስ ያለው ነገር ነው የሚፈልገው። ያቢ የሚባለውን የወንዝ ክሬይፊሽ (የሸርጣን ዘመድ የሆነ የውሃ እንስሳ)፣ የምድር ትል፣ ይሄን የመሳሰለ። አብዛኞቹ ከሁለት ኪሎ አይበልጡም፤ ግን በቀን የክብደታቸውን ሩብ ያህል ሊበሉ ይችላሉ። ውሃ ውስጥ ዓይኑንም ጆሮውንም ይዘጋል። ያቢዋ ስትንቀሳቀስ የምታወጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ በመንቆሩ ነው የሚያገኘው። የኔ ሥራ ማታ የሚሰጠውን፣ ጠዋት ደግሞ የተረፈውን መዝኖ ደብተር ላይ መጻፍ ነበር።

ውሃው ቀዝቀዝ ያለና ንጹሕ ይሁን፣ በቃ። ወንዱን ግን ተጠንቀቅ። የኋላ እግሩ ላይ መርዘኛ እሾህ አለው፤ ሕመሙን ሞርፊን እንኳ በቀላሉ አያስታግሰውም።

ዋናው ችግር እናትየዋ ናት። ስታረግዝ እርጥብ ቅጠል በጅራቷ ጠቅልላ ወደ ጉድጓዷ ታስገባለች። ከውስጥ ሆና መንገዱን በአፈር ትደፍነዋለች። ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ አሥር ቀን ያህል ታቅፋቸዋለች። ጡት ጫፍ የላትም፤ ወተቱ ከቆዳዋ ላይ ይወጣል። ግልገሎቹ ሦስት አራት ወር እዚያ ጨለማ ውስጥ ናቸው። አንተ ምንም አታይም። የምታየው ደብተሩን ብቻ ነው፦ የምታጠባ እናት ምግቧ በጣም ይጨምራል።

እኔ አንድ ጊዜ አልቻልኩም። ቅጠል ስታስገባ አይቼ ጓጓሁና፣ በሳምንቱ የጎጆውን ክዳን ከፈትኩ። ባዶ ነበር። እሷም ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ጎጆ አልተመለሰችም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰው እጅ ውስጥ የመራባቱ ታሪክ አጭር የሆነው ለዚህ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1943 የእንስሳት ተመራማሪው ዴቪድ ፍሌይ፣ ሜልበርን አቅራቢያ ባለው የሂልስቪል የእንስሳት ማቆያ፣ ጃክና ጂል ከተባሉ ጥንዶች ኮሪ የምትባል ግልገል አገኘ። በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ቀጣዩ ስኬት የመጣው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እዚያው ነው። የሲድኒው ታሮንጋ መካነ እንስሳት በ2003 ተሳካለት። እነዚህ ሁሉ ሙሉ ባለሙያ ያላቸው ቦታዎች ናቸው።

መርዳት ከፈለግክ ግን ሌላ መንገድ አለ። ያቢ የሚያጠምዱ ጓደኞች ካሉህ ዝግ የሆነውን መረብ እንዲተዉ ንገራቸው። ፕላቲፐስ ይገባና መውጫ ያጣል፤ አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ግዛት ከ2019 ጀምሮ ከልክላዋለች፤ አሮጌው መረብ ግን ዛሬም ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠበት ቤት አይጠፋም። ካገኘህ ቆራርጠህ ጣለው።