እሳቱ ይቅደም፣ ጋዙ ይከተል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ መኝታና ማብሰያ ያላት፣ ያገለገለች ካምፐር ከገዛን ሁለት ወር ሆነን። ከላይ ያሉት ሦስት የጋዝ ምድጃዎች ክብሪት ገና ሲነካቸው ይያያዛሉ። ያስቸገረን ከሥር ያለው ኦቭን ነው። ማዞሪያው ላይ «ፓይለት» የሚል ምልክት አለ። እዚያ ላይ አድርጌ፣ ተጭኜ ይዤ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ክብሪት ሳስገባ አንዳንዴ ምንም የለም፤ አንዳንዴ ደግሞ ትንሽዬ ሰማያዊ እሳት ትያያዝና ማዞሪያውን ስለቀው ድርግም ትላለች። ባለፈው ለአራተኛ ጊዜ ስሞክር ጋዝ ጋዝ ሸተተኝና ሁሉን ዘግቼ ከመኪናዋ ወጣሁ። ባለቤቴ «ተበላሽቷል፣ አውጥተን እንቀይረው» ይላል። እኔ እውነቱን ልንገርዎትና ፈርቻለሁ። የተበላሸው ኦቭኑ ነው ወይስ አያያዙን ያላወቅሁት እኔ ነኝ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሽታው ሲመጣ ዘግተው መውጣትዎ ደግ አደረጉ። ፈራሁ ብለው መጻፍዎም ደስ አሰኝቶኛል፤ ጋዝን የሚፈራ ሰው ጠንቅቆ ይማራል። ባለቤትዎ ግን ኦቭኑን ለማውጣት አይቸኩሉ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከጻፉልኝ ውስጥ «ማዞሪያውን ስለቀው ድርግም ትላለች» የሚለው ብቻ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ጋዙ ደርሷል ማለት ነው። ያልደረሰው ሙቀቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይለት ማለት ትልቁን የኦቭን እሳት የምታቀጣጥለው ያቺ ትንሽ እሳት ነች። ከፓይለቷ አጠገብ፣ ጫፉ እሳቷ ውስጥ የሚገባ፣ ከእርሳስ የቀጠነ አንድ የብረት ዘንግ አለ። ቴርሞካፕል ይባላል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፋቸው ላይ ተበይደው የተሠራ ነው፤ ጫፉ ሲግል በራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ብዙ እንዳይመስልዎት፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ የአንድ ተራ ባትሪ ድንጋይ አንድ ሃምሳኛ እንኳ ቢሞላ ነው። ያቺው ትንሽ ኤሌክትሪክ ግን በቀጭን ሽቦ ወደ ቫልቩ (ጋዙን ወደሚከፍተውና ወደሚዘጋው ዕቃ) ሄዳ፣ እዚያ ያለውን ማግኔት አንቅታ የጋዙን በር ክፍት አድርጋ ትይዛለች። ማዞሪያውን ሲጫኑ በሩን ገፍተው የሚከፍቱት እርስዎ በጣትዎ ነው። ዘንጉ ሲግል ማግኔቱ ከጣትዎ ላይ ይረከባል። ሳይግል ከለቀቁት ተረካቢ የለምና በሩ ይዘጋል፤ እሳቷም ትጠፋለች። ኦቭኑ በትክክል እየሠራ ነው። እሳት ሳይኖር ጋዝ እንዳይፈስ ተብሎ የተሠራውን ሥራ ነው የሠራው።

ስለዚህ ፓይለቷ ከተያያዘች በኋላ ጣትዎን አያንሱ። አዲስ ቴርሞካፕል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃዋል። ያገለገለ ከሆነ እኔ እስከ 30 እቆጥራለሁ፤ ድምፄን አውጥቼ ነው የምቆጥረው፤ ወለል ላይ ተንበርክኮ ማዞሪያ ተጭኖ ለያዘ ሰው አምስት ሰከንድ እንደ ግማሽ ደቂቃ ይረዝማልና በልብ መቁጠር አያዋጣም። ከዚያ ቀስ ብለው ይልቀቁት።

አሁን ደግሞ «አንዳንዴ ምንም የለም» ወዳሉት ልምጣ። መኪናዋ ቆማ ከከረመች ወይም ሲሊንደር ከተቀየረ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። የላይኞቹ ምድጃዎች ቀዳዳቸው ሰፊ ስለሆነ አየሩን በጥቂት ሰከንድ ገፍተው ያወጡታል። የፓይለቷ ቀዳዳ ግን የፀጉር ያህል ቀጭን ነው፤ አየሩ በእሷ በኩል ተጎትቶ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈጃል። ዘዴው አስቀድሞ ከላይ አንዱን ምድጃ ማብራትና እሳቱ ሳይንቀጠቀጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል እስኪነድ መጠበቅ ነው። ዋናው መስመር ጸዳ ማለት ነው። ከዚያ እሱን ያጥፉና ወደ ኦቭኑ ይውረዱ። ከቫልቩ እስከ ፓይለቷ ባለችው አጭር ቱቦ ውስጥ ትንሽ አየር ይቀራል፤ እሱን የሚጨርሰው የእርስዎ ትዕግሥት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከራሴ ሕይወት ልንገርዎት። ጋዝ ዕቃ መጠገን ከመጀመሬ በፊት፣ ከቤተሰቤ ጋር በእንዲህ ዓይነት መኪና መጓዝ በጀመርንበት ዓመት፣ አንድ ማለዳ ማዞሪያውን ፓይለት ላይ አድርጌ በልብስ መቆንጠጫ እንደ ተጫነ እንዲቆይ ያዝኩትና ክብሪት ፍለጋ መሳቢያ መበርበር ጀመርኩ። ክብሪቱ ከመቀመጫው ሥር ተገኘ። ተመልሼ ተንበረከክሁ፣ ጫርኩ፣ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ቡፍ አለ። ሰማያዊ ነገር ከኦቭኑ አፍ ወጥቶ ፊቴን ዳሰሰኝና ተመለሰ። ያ ሁሉ የሆነው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። ቅንድቤና የቀኝ ክንዴ ፀጉር ተለበለበ፤ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ቀኑን ሙሉ ከመኪናው አልወጣም። ከሁሉ የከበደኝ ዞር ስል ትንሿ ልጄ ከኋላዬ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማ ማየቴ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቱ እጄ ላይ ሳይበራ ጋዝ ከፍቼ አላውቅም። ማዞሪያንም በጣቴ እንጂ በሌላ በምንም ይዤ አላውቅም።

ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። የኦቭኑን መደርደሪያ አውጥተው በባትሪ ውስጡን ይዩት። ከሥር፣ ከብረቱ ሽፋን በታች፣ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ ትልቁ እሳት የሚነድበት ቧንቧ መሰል በርነር ያገኛሉ፤ ፓይለቷ ብዙ ጊዜ የበርነሩ የኋላ ጫፍ አካባቢ ነች። የት እንዳለች ዓይንዎ ሳያረጋግጥ እሳት አይጫሩ። ክብሪት ይተዉት፤ ፓይለቷ ሳትያያዝ ጣት ላይ ይደርሳል። አንገቱ ረጅም የሆነ ላይተር ይግዙ። በሩንና መስኮቶቹን ይክፈቱ። ማዞሪያዎቹ ሁሉ መዘጋታቸውን አይተው ሲሊንደሩን ቀስ እያሉ ይክፈቱ፤ ባንዴ ከከፈቱት የአንዳንዱ ሲሊንደር መከላከያ፣ ቱቦ የተቆረጠ መስሎት ጋዙን አፍኖ በቀጭኑ ይለቀዋል። ከዚያ ላይተሩን አብርተው ነበልባሉን ፓይለቷ አፍ ላይ ያድርሱ። ማዞሪያውን የሚጫኑት አሁን ነው። እሳቱ እዚያው ይጠብቅ፤ የሚመጣው ጋዝ ገና ብቅ ሲል ይያያዛል፤ የሚጠራቀም ነገር አይኖርም። ፊትዎን ከኦቭኑ አፍ ትንሽ ዘወር ያድርጉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልተያያዘ ይልቀቁ፣ ይዝጉ፣ አምስት ደቂቃ አናፍሰው እንደገና ይሞክሩ። ቆማ በከረመች መኪና ላይ እኔ ራሴ ሦስቴ ተመላልሼ አውቃለሁ።

በሩን ይክፈቱ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ፕሮፔን የሚባለው፣ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል። የጣሪያውን መስኮት ብቻ ብንከፍት አይወጣልንም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስና ወለል ላይ፣ ቁም ሳጥን ሥር፣ ኦቭኑ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ከአየሩ 2 በመቶ ያህሉ ጋዝ ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። የጋዝ ጠቋሚው ወለሉ አጠገብ የሚሰቀለውም ለዚሁ ነው። ያገለገለ መኪና ስለገዛችሁ ጠቋሚውን ነቅለው ጀርባውን ይዩት፤ የተሠራበት ወይም የሚያልፍበት ቀን ተጽፏል። ጊዜው ካለፈ መብራቱ ቢበራም አይመኑት።

ፕሮፔን በራሱ ሽታ የለውም። የሸተተዎት እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመርበት ነገር ነው፤ ሽታው ሲመጣ ማብሪያ ማጥፊያ አይንኩ፣ ማራገቢያም አያስነሱ። የተከፈተ በር ክፍት እንደሆነ ሰዉን ሁሉ ይዘው ይውጡና ሲሊንደሩን ከውጭ ይዝጉ። ሽታው በድጋሚ ከመጣ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀብቶ ማየት ነው፤ አረፋው ከተነፋ እዚያ ጋ ያፈሳል። በእሳት መፈተሽ የሚባለውን ነገር ማንም ቢመክርዎት እሺ አይበሉት።

ፓይለቷ በደንብ ስትነድ ምን እንደምትመስል ልሳልልዎት። የትንሿን ጣት ጥፍር ታህላለች፤ ሰማያዊ ነች፤ አትዘልም፣ አትንቀጠቀጥም፤ የቴርሞካፕሉን ጫፍ ዙሪያውን ታቅፈዋለች። ቢጫ ከሆነች ወይም ጫፉን ሳትነካ ጎኑን ብቻ የምትልስ ከሆነ እስከ 30 ሳይሆን እስከ 300 ቢቆጥሩም አትቆምም። ያን ጊዜ ጥፋቱ የቆሻሻ ነው። ቆመው በከረሙ መኪኖች ውስጥ ደጋግሜ ያገኘሁት የሸረሪት ድር ነው፤ ቀጭን ቱቦ ለሸረሪት ጥሩ ቤት ነው። ሲሊንደሩን ዘግተው፣ ዕቃው ቀዝቅዞ፣ በአየር መንፊያ ያጽዱት። መርፌ አያስገቡ! ቀዳዳው በልክ የተበሳ ነው፤ በጥቂቱ ቢሰፋ እንኳ የሚወጣው ጋዝ ይለወጣል፤ መልሶ ማጥበብ የለም።

እሳቷ ሰማያዊና ሙሉ ሆና፣ 30 ቆጥረው፣ ሲለቁ ከጠፋች ግን ቴርሞካፕሉ ነው። አስቀድመው ቫልቩ ላይ የታሰረበት ብሎን አለመላላቱን ይዩ፤ በጣት አጥብቀው በቁልፍ ሩብ ዙር ማከል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካጠበቁት ይሰበራል። ጫፉ ላይ ጥቀርሻ ካለ በለስላሳ የብረት ሱፍ ይፈግፍጉት። እንቢ ካለ ቴርሞካፕሉን ብቻ መቀየር ነው። ባለቤትዎ ኦቭኑን ሙሉ ለሙሉ ሊያወጡት ያሰቡት ለዚህች ዘንግ ነበር። ከዚህ ያለፈው፣ ማለትም ቫልቩን መፍታትና የሬጉሌተሩን (የሲሊንደሩን ግፊት የሚቀንሰውን ዕቃ) ግፊት መለካት፣ የባለሙያ ሥራ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ በሞቃት ቀን ከ7 ባር የሚበልጠው ግፊት ምድጃው ዘንድ ሲደርስ 30 ሚሊባር ገደማ መሆን አለበት፤ ይህን በዓይን መገመት አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፓይለቷ ቆማ ማዞሪያውን ወደ ሙቀት ቁጥሩ ሲያዞሩ ትልቁ በርነር ወዲያው ላይያያዝ ይችላል። በብዙ ኦቭኖች ላይ ፓይለቷ መጀመሪያ ትፋፋማለች፤ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ነው በርነሩ የሚነሳው። ተበላሸ ብለው ማዞሪያውን ወዲያ ወዲህ አያድርጉ፤ ይጠብቁት።

ጥያቄ፦ ፓይለቱን ደጋግሞ ማብራት ስለሚሰለች በጉዞ ላይም እንደበራ ብንተወውስ? እሳቱ እኮ ትንሽ ነው።

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። ነዳጅ ልትቀዳ ማደያ ስትቆም የቤንዚን ትነት ባለበት ቦታ ክፍት እሳት ይዘህ ገባህ ማለት ነው፤ ለትነቱ የእሳቱ ማነስ ለውጥ የለውም። መንቀጥቀጡና ንፋሱም ያጠፉታል። ከመነሳትህ በፊት ማዞሪያውን አጥፋ፣ ሲሊንደሩንም ዝጋ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማቀዝቀዣውን ነው፤ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ከጀርባው እሱም እሳት አለው።

ጥያቄ፦ ሌሊት በጣም ሲበርድ ኦቭኑን አብርተን በሩን ከፍተን እንተኛለን። ልጆቹ ሞቋቸው ያድራሉ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ እባክዎ ዛሬ ማታ አይድገሙት። አንድ እጅ ፕሮፔን በደንብ ለመንደድ 24 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። የተዘጋች ጠባብ መኪና ውስጥ እሳቱ የሚወስደው እናንተ የምትተነፍሱትን ነው። አየሩ ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ነው፤ የተኛ ሰው ደግሞ ይህንን አያውቀውም። ልጆቹ ጠዋት ራሳቸውን አሟቸው ያውቅ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው፤ በኦቭን ስትሞቁ እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩት። ለሙቀት የተሠራ፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማሞቂያ አስገጥሙ፤ እስከዚያ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ይደርቡላቸው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ከመኝታው አጠገብ ይኑር። ካለ መሞከሪያውን አሁን ይጫኑትና ድምፁን በጆሮዎ ይስሙት።