ፒኤስኤ ከፕሮስቴት የሚመጣ ከሆነ ለምን እሱን አይመቱትም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አጎቴ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር አለባቸው። የፒኤስኤ የደም ምርመራ ውጤት በመጣ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይጨነቃል። ፒኤስኤ ከፕሮስቴት የሚመጣ ከሆነ የሰውነትን መከላከያ በእሱ ላይ ማዝመት ለምን አልተቻለም? የደም ካንሰር ላይ ተአምር ሠራ የሚባለው ካር-ቲስ እዚህ ላይ ምን ያዘው?

መልስ፦ እህቴ፣ አጎትሽን እግዚአብሔር ይማርልን። ፒኤስኤ የፕሮስቴት ሴል የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ሴሉ ላይ ግን አይቆይም። ሴሉ ሠርቶ ወደ ውጭ ይለቀዋል፤ በደም ምርመራ የምታገኙትም ለዚህ ነው። ካር-ቲ ሴል፣ ማለትም ካንሰርን እንዲያጠቃ ተለውጦ የተሠራ የሰውነት መከላከያ ሴል፣ ግን የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ የካንሰሩ ሴል ገጽ ላይ ተተክሎ የሚቆይ ፕሮቲን። ፒኤስኤን በክትባት መልክ ሞክረውታል። ፕሮስትቫክ ይባል ነበር። በትልቁ ሙከራ የሕሙማንን ዕድሜ ማራዘም ስላልቻለ እ.ኤ.አ. በ2017 ቆመ።

ከሁሉ በላይ የተሠራበት ሴሉ ላይ ያለው ፕሮቲን ፒኤስኤምኤ ነው። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነገር ነው። ካንሰሩ ሲከፋ ብዙውን ጊዜ እሱም ይበዛል። ፕሉቪክቶ የተባለው መድኃኒት ይህን ፕሮቲን ይዞ ሉተሺየም 177 የሚባል ጨረራማ ንጥረ ነገር ካንሰሩ ድረስ ያደርሳል፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ነው። 831 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት የመካከለኛ ዕድሜ ቆይታን ከ11.3 ወደ 15.3 ወር አሳድጓል። ኢሙኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዘምት ሕክምና) አይደለም፤ ግን ዒላማው ትክክል መሆኑን አሳይቷል። ችግሩ መድኃኒቱ የምራቅ ዕጢ ላይም ይጠራቀማል፣ ስለዚህ የብዙዎቹ አፍ ይደርቃል።

አፍ መድረቅን ሰው ይችለዋል። የማይቻለው ሌላ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ አንድ ጉዳይ አለ፤ የአንጀት ካንሰር ያለባት ታማሚ ኸር 2 የተባለውን ፕሮቲን የሚያጠቃ ካር-ቲ ተሰጣት። ፕሮቲኑ በጣም በትንሹ ጤነኛ ሳንባ ላይም ነበር። መድኃኒቱ በገባ በ15 ደቂቃ ውስጥ መተንፈስ አቃታት፣ ከ5 ቀን በኋላ አረፈች። እኔ ይህን ታሪክ አንብቤ ነው የዒላማ ፍለጋው ለምን ይህን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ የገባኝ። የደም ካንሰሩ ካር-ቲ የተሳካለት ቢ ሴል በሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ላይ ያለውን ሲዲ 19 የተባለ ፕሮቲን ስለሚመታ ነው። ጤነኛ ቢ ሴሎችም አብረው ያልቃሉ፣ ግን ሰው ያለ እነሱ በእንክብካቤ ይኖራል። ያለ ሳንባ ግን አይኖርም! ስለዚህ አንድ ፕሮቲን ካንሰሩ ላይ መኖሩን ማግኘት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ ልብ፣ ሳንባና አንጎል ላይ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው።

እንዴት ይፈልጉታል? እ.ኤ.አ. በ2018 የተመራማሪው ኦወን ዊቲ ቡድን ሎስ አንጀለስ ካለው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ሥራ ጥሩ ማሳያ ነው። በሕይወት ያሉ የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ላይ እንደ ምልክት የሚያገለግል ባዮቲን የተያያዘበት ኬሚካል ይጨምራሉ። ኬሚካሉ ሽፋኑን አልፎ ስለማይገባ ምልክት የሚያደርገው ውጭ ያሉትን ፕሮቲኖች ብቻ ነው። ከዚያ ሴሎቹን ያፈርሳሉ፣ ምልክት ያለበትን ለቅመው ያወጣሉ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል ፕሮቲንን በክብደቱ በሚለይ መሣሪያ ስሙን ይለያሉ። በመጨረሻ ከጤነኛ አካላት ጋር ያመሳክሩታል፤ አብዛኛው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የፕሮስቴት ካንሰር ዓይነት ኤፍኤክስዋይዲ 3፣ ኒውሮኢንዶክራይን በሚባለው አስቸጋሪ ዓይነት ደግሞ ሲኤኤካም 5 የተባሉ ፕሮቲኖች ጎልተው ወጡ።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ ነው የማነሳው። ካንሰሩ ለረጅም ጊዜ በሆርሞን መድኃኒት ሲታከም አንዳንዴ ጠባዩን ይቀይራል። ፒኤስኤምኤን ይጥላል፣ ፒኤስኤንም እምብዛም አያመርትም። የፒኤስኤው ቁጥር ዝቅ ብሎ ሰውየው ግን እየባሰበት ይሄዳል። አጎትሽ እንደዚያ ከሆኑ «ቁጥሩ ጥሩ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፣ በቶሎ ለዶክተራቸው ንገሩ።

ስቲፕ 1 የሚባል ሌላ የፕሮስቴት ካንሰር ሴል ገጽ ፕሮቲንም አለ፤ እሱን የሚመታ ዛሉሪታሚግ የሚባል መድኃኒት በሙከራ ላይ ነው። በአንድ ወገን ካንሰሩን በሌላው ቲ ሴልን፣ ማለትም የሰውነትን ገዳይ መከላከያ ሴል፣ ይዞ ያገናኛቸዋል። ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊያመጣ ስለሚችል በተለይ መጀመሪያ ላይ በቅርብ ክትትል ነው የሚሰጠው።

አሁን የምትጠይቁት ይኼ ነው፦ አጎቴ ፒኤስኤምኤ ፔት ስካን ተነሥተዋል ወይ? ዒላማው ካንሰሩ ላይ መኖሩ የሚታየው በእሱ ነው፣ ለፕሉቪክቶ ብቁ መሆናቸውም እንደዚያው። ስለ ክሊኒካል ትራያል (አዲስ ሕክምና በሰው ላይ ስለሚሞከርበት ጥናት) ጠይቁ። ቤተስዳ ያለው ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት እናንተ ካላችሁበት ቅርብ ነው፤ የፕሮስቴት ካንሰር ሙከራዎችን ያካሂዳል። ስትደውሉ የመጨረሻውን የስካንና የባዮፕሲ ሪፖርት፣ እስካሁን የወሰዱትንም መድኃኒት ዝርዝር አጠገባችሁ አድርጉ።