«ደካማ» አሲድ «ቀጭን» አይደለም

የጎንደር ኬሚስትሪ መምህርት ናቸው ጠያቂዋ። «‹ደካማ አሲድ› ስል ተማሪዎቼ ውሃ የበዛበት አሲድ ይመስላቸዋል። ‹ቀጭን› ቢሉት ይቀላቸዋል። ልተውላቸው?» ይላሉ።

እባክዎ አይተዉላቸው! ይህ ነገር እኔንም ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

«ቀጭን» የራሱ ቦታ አለው። ጎንደር ውስጥ ጠላ ቀርቦልዎ አንዴ ፉት ብለው «ቀጥኗል» ካሉ፣ ውሃ በዝቶበታል ማለትዎ ነው። ግእዙም «ቀጢን» ይላል። ዕብራይስጥ ይህንኑ ሥር ለ«ትንሽ» አውሎታል። ስለዚህ ውሃ የበዛበትን አሲድ «የቀጠነ» ማለት ያማረ አማርኛ ነው።

ድክመት ግን ሌላ ነው። የኮምጣጤን አሲድ ይውሰዱ። በሊትር 0.1 ሞል (ሞል የሞለኪውሎች መቁጠሪያ ነው) ሲሆን፣ ከ100 ሞለኪውሎቹ ፕሮቶኑን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን የተወ ሃይድሮጅኑን፣ ለውሃ የሚሰጠው 1 ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ሲሰጥ የሰጠው መልሶ ይቀበላል። የቅዳሜ ገበያ ሚዛን ሲስተካከል ቀጥ ይላል፤ የዚህ መስጠትና መቀበል ሚዛን ግን ተስተካክሎም አያርፍም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በዚያው መጠን ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲዳማነት መለኪያው (ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበዛል)፣ 1 ነው፣ የኮምጣጤው 2.9 ገደማ። አሁን ሃይድሮክሎሪኩን 1000 እጥፍ ያቅጥኑት። ፒኤቹ 4 ይሆናል፤ ከኮምጣጤው ያነሰ አሲዳማ ሆነ ማለት ነው። ሆኖም ያለውን ሁሉ ስለሚሰጥ ያው ጠንካራ ነው። ቀጠነ እንጂ አልደከመም።

አማርኛ ለዚህ ትምህርት ቃል የለውም፣ ሁሉንም ከፈረንጅ መዋስ ነው የሚሉ አሉ። አልቀበልም። «አሲድ» ራሱ ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ «ኮምጣጣ» ነው። ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ዞይረ» ይሉታል፣ በገዛ ቃላቸው፣ ከኮምጣጣነት። እኛም «ኮመጠጠ» አለን። ከዚያም አልፎ ግእዝ ኮምጣጤን «ብሒእ» ይለዋል። እናቶቻችን ሊጡን «ቡሆ» የሚሉት ከዚያው ቤት ወጥቶ ነው። ቡሆው ሲቦካ የሚያኮመጥጠው ደግሞ በዋናነት ላክቲክ አሲድ ነው፤ እሱም ከደካሞቹ ወገን።

እውነቱን ለመናገር «ደካማ»ን አልወደውም። ደካማ ሥራ ያዛለው ሰው ነው፣ የግእዙ «ድኩም»። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በኬሚስቶች ቋንቋ ደካማ ነው። ግን ብርጭቆ ይበላል! ምኑ ደከመ? እኔ ብሆን «ቁጥብ አሲድ» እለው ነበር፤ ፕሮቶኑን ቆጥቦ ነውና የሚሰጠው። ጠንካራውን ደግሞ «ለጋስ»።

ግን ማን ይሰማኛል? «ደካማ» እና «ጠንካራ» በየክፍሉ ሥር ሰደዋል። «አሲድ»ንም የመኪና ባትሪ የሚጠግነው ሁሉ ይጠራዋል። እሺ፣ ቅር እያለኝም ቢሆን ይሁን።

«ቀጭን»ን ግን ለውሃ ብቻ ይጠብቁልኝ። ክፍል ውስጥ አንድ ሎሚ ጨምቀው ያሳዩዋቸው። ከዚያ ውሃ ይጨምሩበት፤ አሁን ቀጠነ ይበሏቸው። ሎሚው ውሃ ሳይነካውም ደካማ ነበር።