«ስምንት ከምናምን» ስንት ነው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ላለችው እናቴ በኪሮሽ ሹራብ እየሠራሁላት ነው። መመሪያው በ4 ሚሊሜትር ኪሮሽ፣ በ10 ሳንቲሜትር 16 ዓይን ይላል። ትንሽ መሞከሪያ ሠርቼ 5 ሳንቲሜትሩን ለካሁ፤ 8 ከምናምን መጣ። ልክ ነው ብዬ ፊቱንም ጀርባውንም በ80 በ80 ዓይን ጨረስኩ። ዙሪያው 100 ሳንቲሜትር መሆን ሲገባው 91 ሆነ። የት ተሳሳትኩ? ልተርትረው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሪ የኔ ልጅ። ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ስትወጪ የሚቀበልሽን ብርድ ስለምታውቂው እናትሽን አስበሻል፤ እሰየው። ጥፋቱ ያለው «ምናምን» ያልሻት ላይ ነው።

እስቲ እናስላው። ምናምኗ የአንድ ዓይን ሦስት ሩብ ብትሆን፣ በ10 ሳንቲሜትር 17 ተኩል ዓይን ይመጣል። 160ውን ዓይን ለዚያ ስታካፍይው 91 ሳንቲሜትር ከትንሽ ነው። ይኸው ሹራብሽ! ሩብም ብትሆን፣ ግማሽም ብትሆን ትቆጠራለች። ለዚህ ነው በ5 ሳንቲሜትር የማልለካው።

እኔ መሞከሪያውን በአራቱም በኩል 15 ሳንቲሜትር ገደማ አድርጌ እሠራለሁ። ዳር ዳሩ ስለሚሳብና ስለሚንጋደድ የምቆጥረው መሃሉን ብቻ ነው። ግን መጀመሪያ አጥበዋለሁ። ሹራቡ እንደሚታጠበው አጥቤ፣ ሳልስብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ። ጥጥ ሊሰበሰብ ይችላል፤ አክሪሊክ ደግሞ ታጥቦ ሲለሰልስ ይዘረጋል። ደሴ በክረምት አንዲት ጨርቅ ለማድረቅ ሁለት ቀን ብትፈጅም እጠብቃለሁ። ጉልበት ላይ አስቀምጦ መለካት የለም። በጨርቅ ሜትርም አትመኚ። የኔው አርጅቶ ተለጥጦ ኖሮ አንድ ጋቢ የሚያህል ሹራብ አሠርቶኛል። የተማሪ ማስመሪያ ይሻላል።

ቁጥሩ ከመመሪያው ከበዛ፣ እንዳንቺው ማለት ነው፣ ኪሮሹን አወፍሪው፤ 4ቱን በ4 ተኩል ቀይሪና ሌላ መሞከሪያ ሥሪ። ካነሰ አቅጥኚው። እጅሽን ግን «ላላ በል» እያልሽ አታስገድጂው። ለሦስት ረድፍ ይታዘዝልሻል፤ ቡና ቀርቦ ወሬ ሲደራ ወደ ጠባዩ ይመለሳል። የኔ እጅ ሰው ሲያናድደኝ እንዴት እንደሚያጠብቅ የሠራሁትን አልጋ ልብስ አይቶ መናገር ይቻላል።

ረድፉንም ቁጠሪ፤ ቁመቱ የሚወጣው ከሱ ነው። መመሪያው የእንግሊዝ ይሁን የአሜሪካ እይው፤ አሜሪካኖች ደብል ክሮሼ የሚሉትን የዓይን አሠራር እንግሊዞች ትሬብል ይሉታል። ይሄ ከተምታታ ምንም ኪሮሽ ብትቀያይሪ አይገጥምም።

አሁን አትተርትሪው። የጎደለሽ 9 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በየጎኑ ከብብት እስከ ታች የምትወርድ 4 ሳንቲሜትር ተኩል ስፋት ያላት ቁራጭ ሥሪ፤ በአንቺ እጅ 8 ዓይን ማለት ነው። ጠቆር ያለ ቀለም ብታደርጊያት ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። እጅጌውን ገና ካልጀመርሽ ብብቱ ስለሚሰፋ ያንኑ ያህል ጨምሪለት። የመሞከሪያዋን ቁራጭ እንዳትጥያት። የኔዎቹ የጀበና ማስቀመጫ ሆነዋል።