መልስ፦ የክለብ ቦርድ ራሱን በምስጢር ቢገመግም ሰው እውነቱን ይናገራል?

ወንድሜ፣ አሜሪካ ያለው የጎልፍ ክለባችሁ ቦርድ ራሱን በምስጢር ቢገመግም ሰው እውነቱን ይናገር እንደሆነ ጠይቀሃል። ይናገራል፤ ግን ስም አለመጻፍ ብቻውን አይበቃም። ዘጠኝ ሰው ባለበት ቦርድ ማን እንደጻፈው ካጻጻፉ ይታወቃል። ስለዚህ መልሱን ሊቀመንበሩም ሥራ አስኪያጁም አይሰብስቡ። የውጭ ሰው ይሰብስብ፤ አስተያየቱንም በራሱ ቃል ጨምቆ ያቅርብ።

ጥያቄዎቹ ስለ ግለሰብ ሳይሆን ስለ ቦርዱ ይሁኑ። ሰነድ ከስብሰባ በፊት ይደርሰናል? የሥራ አስኪያጁን ሥራ እየነጠቅን ነው? (ስለ ምግብ ዝርዝር አንድ ሰዓት የሚከራከር ቦርድ ስንቱ ነው!) የጥቅም ግጭትም አይረሳ። የአገሩ ግብር መሥሪያ ቤት በፎርም 990 (ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች በየዓመቱ በሚያስገቡት ቅጽ) ላይ ስለዚህ የጽሑፍ ፖሊሲ አላችሁ ወይስ የላችሁም ብሎ ይጠይቃል።

ውጤቱ ሲመጣ አማካዩን ብቻ አትዩ። አንዱ 5 ነጥብ፣ ሌላው 1 ነጥብ የሰጠበት ጥያቄ ላይ ተነጋገሩ።